ደመወዝ ተጨመረ ሲባል ኑሮው ለምን ይከብዳል? ለአንዲት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ ዳርቻ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ማሽን ላይ እሠራለሁ። መነሻ ደመወዜ 3,500 ብር ነው። ወሩን አንድም ቀን ሳልቀር ከጨረስኩ 500 ብር የአቴንዳንስ ይታሰብልኛል። እናቴንና የ7 ዓመት ልጄን ይዤ በአንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። መንግሥት ደመወዝ ጨመርኩ ሲል እኔ ጋ የሚደርስ ነገር የለም፤ የገበያው ጭማሪ ግን በማግሥቱ ይደርሳል። ለግል ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ለምን የለም? ቢኖርስ ይጠቅመኝ ነበር? መንግሥት ብሩን በምን ላይ ቢያውለው ነው እንደ እኔ ላለው ሰው የሚበጀው?»

የሦስቱም ጥያቄዎች ሥር አንድ ነው። በአገራችን ከድሃው ኑሮ ጋር የሚነካኩ ቁጥሮች አብዛኞቹ በብር ተቆርጠው የተቀመጡ ናቸው፤ ከግብር ነፃ የሚሆነው ገቢ፣ የመንግሥት ሠራተኛው መነሻ፣ የሴፍቲኔት የቀን ክፍያ፣ የእርስዎም 3,500 ብር። ዋጋ በየወሩ ይንቀሳቀሳል፣ እነዚህ ቁጥሮች ግን አንድ ሰው እስኪነካቸው ድረስ ዓመታት ባሉበት ይቆያሉ። የሚነካቸው ሰው መቼ እንደሚነካቸው የሚያስገድድ ደንብ የለም። ድህነቱ በአብዛኛው የሚሠራው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ከራስዎ ፔይሮል ልጀምር፤ ነገሩ እዚያ ላይ በግልጽ ይታያል።

አቴንዳንሱ ሳይቀነስብዎት በጠቅላላ 4,000 ብር ያገኛሉ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ (ቁጥር 1395/2017) እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከ2,001 እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ ነው፤ አሰላሉ ጠቅላላውን በ15 በመቶ አባዝቶ 300 ብር መቀነስ ነው። ስለዚህ 4,000 × 0.15 − 300 = 300 ብር ግብር። ጡረታ 7 በመቶ የሚቆረጠው ከመነሻው ላይ ነው፤ 3,500 × 0.07 = 245 ብር። በእጅዎ የሚገባው 3,455 ብር ነው። አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ፣ ማለትም 385 ብር፣ ለጡረታ ያስገባል። ይህ የእርስዎ ገንዘብ ስለሆነ በስምዎ መግባቱን በጡረታ መለያ ቁጥርዎ ያረጋግጡ። ከሠራተኛው ተቆርጦ ሳይገባ የሚቀር መዋጮ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሰውየው ሥራ ሲለቅ ነው፣ ያኔ ደግሞ ማስረጃ ማሰባሰቡ አድካሚ ነው።

አሁን ይህን 3,455 ብር ከድህነት መስመሩ ጋር እናስተያየው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት መሠረት የአገሪቱ የድህነት መስመር ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር። መስመሩ የሚሰላው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ የድሃው ሰው ምግብ ምን ያህል ያስወጣል ተብሎ ነው፤ በላዩ ላይ ለልብስ፣ ለቤትና ለመሳሰለው ጥቂት ይታከላል። በወር ሲካፈል 599 ብር ገደማ ይመጣል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነፃ ያደረገው እስከ 600 ብር ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል። አንድ አዋቂ ብቻውን ከድህነት መስመር ላይ በሚቆምባት ብር ላይ ግብር ይጀምር ነበር፣ ልጅ ያላት ሠራተኛ ደግሞ ከመስመሩ በታች ሆናም ግብር ትከፍል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠቅላላ የዋጋ ደረጃ ከአራት እጥፍ በላይ ሆኗል። ተጠንቅቀን አራት ብቻ ብንል እንኳ የ599 ብሩ መስመር ዛሬ 2,396 ብር ይሆናል። የግብር ነፃው ጣሪያ ደግሞ 9 ዓመት 600 ላይ ቆይቶ 2,000 ደረሰ፤ መስመሩ ላይ ሳይደርስ ቀረ። እርስዎ፣ እናትዎና ልጅዎ በጥናቱ አቆጣጠር ሁለት አዋቂ ተኩል ያህል ትሆናላችሁ እንበል፤ 2.5 × 2,396 = 5,990 ብር። በእጅዎ ያለው 3,455 ነው። ሙሉ ሰዓት በፋብሪካ ሠርተው፣ ግብር ከፍለው፣ ከመስመሩ በታች ናችሁ። ይህ የቤት አያያዝ ጉድለት አይደለም። በ3,455 ብር 5,990 ብር ማብቃቃት የሚችል እጅ የለም።

ጥያቄዎ ውስጥ ያልተነሳ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ፤ ግብሩ ራሱ ድሃውን እየተከተለ መውጣቱ። በ2008 ዓ.ም. በወር 1,600 ብር የምታገኝ ሠራተኛ 10 በመቶ ተሰልቶ 60 ብር ይቀነስላት ነበርና የምትከፍለው 100 ብር ነው፣ ከደመወዟ 6.25 በመቶ። ዋጋ አራት እጥፍ ሲሆን ደመወዟም አብሮ አራት እጥፍ ቢያድግና 6,400 ብር ቢደርስ፣ የመግዛት አቅሟ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። በአሮጌው መደብ ግን 25 በመቶ ውስጥ ገባች፤ 6,400 × 0.25 − 565 = 1,035 ብር፣ ማለትም 16 በመቶ። አዲሱ አዋጅ ሲያቃልልላት 6,400 × 0.20 − 500 = 780 ብር ሆነ፤ 12 በመቶ። ተሻሽሎም ቢሆን በ2008 ትከፍለው ከነበረው እጥፍ ነው። ማንም ምክር ቤት ተሰብስቦ «የድሃ ሠራተኛን ግብር እጥፍ እናድርግ» ብሎ አልወሰነም። ቁጥሩን አለመንካት ብቻውን ወሰነ።

የመንግሥት ሠራተኛውም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። መነሻው 1,100 ብር ሆኖ ዓመታት ቆይቶ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ2017 በጀት ዓመት በአንድ ጊዜ 4,760 ሆነ። የላይኛው እርከን ደግሞ ከ20,468 ወደ 21,492 ብቻ ከፍ አለ። ከታች ያለው ከአራት እጥፍ በላይ፣ ከላይ ያለው 5 በመቶ። ከታች መጀመሩ ትክክል ነበር። ግን ለዓመታት የተጠራቀመ ውዝፍ በአንድ ቀን ሲከፈል እርከኖቹ ተጣበቁ፣ ልምድ ያለው ነርስና መምህር ከአዲስ ተቀጣሪ ብዙም የማይለይ ሆነ። ስለዚህ በ2018 መስከረም ዳግም መስተካከል ነበረበት፤ መነሻው 6,000፣ የዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500፣ ጣሪያው 39,000።

በነገራችን ላይ ይህ ጭማሪ ሁሉ ወደ ኪስ አይገባም። የዲግሪ መነሻው በ4,560 ብር አደገ። ግብሩ በአሮጌው መደብ 1,170 ነበር፣ በአዲሱ 2,100 ሆነ። ጡረታው ከ485.80 ወደ 805 ሄደ። በእጅ የገባው ልዩነት 3,310.80 ብር ነው፤ የቀረው 1,249.20 ብር በግብርና በጡረታ ተመልሶ ሄዷል። ጭማሪው ሲታወጅ ነጋዴው የሚሰማው 4,560ውን ነው፤ ዋጋውንም የሚቆርጠው በዚያው ነው። እርስዎ ደግሞ ጭማሪው ሳይነካዎት የዋጋውን ድርሻ ይከፍላሉ።

ወለሉ ለምን የለም?

በሕግ ደረጃ በሩ ተከፍቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም፣ ቦርዱም የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያውን አጥንቶ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንዲያሻሽል ይላል። ዝርዝሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ተብሎ ተተወ። አዋጁ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ለግሉ ዘርፍ በተግባር የሚሠራ ወለል አልተቆረጠም፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሠማኮ) በየሜይ ዴዩ ይህንኑ ይጠይቃል።

ወለሉ የማይቆረጥበት ምክንያት በግልጽ ባይጻፍም ይታወቃል። አገሪቱ ፋብሪካ ስትጠራ የምታቀርበው አንዱ ነገር ርካሽ ጉልበት ነበር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ሲጀምር የልብስ ሰፊዎች መነሻ በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር፣ በዚያን ጊዜ በዓለም ልብስ ስፌት ከታወቁት ደመወዞች ሁሉ ዝቅተኛው። ውጤቱ ግን እንደታሰበው አልሆነም። ከገጠር የመጣች ልጅ ከዚያች ደመወዝ ላይ የቤት ኪራይ ከፍላ ምግብ ሲያጥራት ሥራውን ትታ ትሄዳለች፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የለቀቁት ቁጥር በዓመት ሙሉ የሰው ኃይሉን የሚተካ ያህል ነበር። ማሽን ላይ እጇ እስኪፈታ ወራት የወሰደባት ሠራተኛ ስትወጣ ፋብሪካው ሥልጠናውን እንደገና ይጀምራል፤ መስመሩ ይንቀራፈፋል፤ ርካሹ ጉልበት ውድ ይሆናል። ወለል ሥራ ያጠፋል ለሚሉ ሰዎች መልሴ ይህ ነው፤ ወለል ያልነበረበትም ሥራ እየጠፋ ነበር።

ይህን ስል ወለል ሁሉን ይፈታል ማለቴ አይደለም። እንዴት እንደሚበላሽ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ብልሽት ቁጥሩን በአዋጅ ጽፎ መርሳት ነው። ደቡብ አፍሪካ በአውሮፓውያን 2019 የሰዓት ወለሏን በ20 ራንድ ስትጀምር በየዓመቱ የሚያየው ኮሚሽን አብራ አቋቋመች፤ በ2025 ወለሉ 28.79 ራንድ ደርሷል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይነሳል፣ አሠሪውም አስቀድሞ አውቆ ይዘጋጃል፣ የሚያስደነግጥ ዝላይ የለም። እኛ ዘንድ ኮሚሽን ሳይኖር ቁጥር ብቻ ቢታወጅ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የ600 ብሩ ዕጣ ይደርሰዋል።

ሁለተኛው ብልሽት በእርስዎ ፔይሮል ላይ አሁን ያለ ነው። በአዋጁ «ደመወዝ» ሲባል መነሻው እንጂ ትርፍ ሰዓት፣ አበልና ቦነስ አይገቡበትም። ወለሉ «ጠቅላላ ክፍያ» ተብሎ ከታወጀ ፋብሪካው ምሳውን፣ ሰርቪሱንና አቴንዳንሱን ደምሮ «እኔማ ከወለሉ በላይ እከፍላለሁ» ይላል። ስለዚህ ወለሉ በመነሻው ላይ፣ ምግብና ሰርቪስ ሳይቆጠር መሆን አለበት። ሦስተኛው በታርጌት በኩል ይመጣል። ደመወዙ ከፍ ሲል በሰዓት 60 ኮሌታ ይሰፋ የነበረው መስመር 75 እንዲሰፋ ይታዘዛል፤ ያልደረሰችው ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል። ተቆጣጣሪ ከሌለ ወለሉ ከሠራተኛዋ በሌላ በር ይወሰዳል ማለት ነው።

የመጠኑ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 131 ሁለት ሚዛን ያስቀምጣል፤ በአንድ በኩል የሠራተኛውና የቤተሰቡ ፍላጎት፣ በሌላ በኩል የኢኮኖሚው አቅምና የሥራ ዕድል። ሁለቱ ሁልጊዜ ይጎትታሉ። ከላይ ያሰላነው 5,990 የተጣራ ብር ወደ ጠቅላላ ሲመለስ 7,560 ገደማ ይሆናል፤ ይህን ዛሬ በአንድ ጊዜ ማወጅ ትንንሾቹን ወርክሾፖች ወደ ጓሮ ይነዳቸዋል የሚለው ስጋት እውነት ነው። የተሻለው መንገድ ለመንግሥት ሠራተኛው ከተቆረጠው ከ6,000 መጀመርና ለሦስት ዓመት የሚዘልቀውን የማሳደጊያ መርሐ ግብር በዚያው ደንብ ላይ መጻፍ ይመስለኛል። መንግሥት ለራሱ ጽዳት ሠራተኛ ከዚህ በታች አይበቃም ካለ፣ ለልብስ ሰፊዋ ይበቃል የሚልበት ምክንያት የለውም።

ወለሉ ከነጭራሹ የማይነካቸው ሰዎች ደግሞ ከሚነካቸው እጅግ ይበዛሉ። ገበሬው፣ የጉልት ቸርቻሪዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ። የቤት ሠራተኛና የግል ቤት ጥበቃ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውጭ ናቸው፣ በተለየ ደንብ ይሸፈናሉ ተብሎ ነው የተተዉት። ለእነዚህ የመንግሥት በጀት ነው የሚደርሰው፣ ከደረሰ።

ብሩ የት ይሂድ?

በጀቱን ስናነብ መጀመሪያ የየትኛው መንግሥት በጀት እንደሆነ እንለይ። የ2017 የፌዴራል በጀት መጀመሪያ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በዓመቱ አጋማሽ 582 ቢሊዮን ገደማ ተጨማሪ ጸደቀ። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ነው። ይህም በብር የተቸነከረ ቁጥር ነውና እጥፍ ሆነ ብሎ መደነቅ አይገባም፤ 971.2 ቢሊዮኑ በጸደቀበት ወቅት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበርና ወደ 17 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል፣ የ1.93 ትሪሊዮኑ ግን በጸደቀበት ወቅት ምንዛሬ 14 ቢሊዮን ገደማ ነው። የአዲስ አበባ በጀት ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው፤ ከተማዋ ራሷ ሰብስባ ራሷ ታወጣለች። በሠፈርዎ የሚፈርሰውና የሚገነባው ጉዳይ ያሳሰበዎት ከሆነ የሚጠየቀው የከተማው ምክር ቤት ነው። የክልል መምህርና የጤና ባለሙያ ደመወዝ የሚከፈለው ደግሞ በወረዳ ነው። ፌዴራሉ ጭማሪ ሲያውጅ ወረዳው ድጎማው ካልደረሰው የሥራ ማስኬጃውን ይበላል፤ ጤና ጣቢያው ጓንት፣ ትምህርት ቤቱ ጠመኔ ያጣል፤ ከዚያም በኋላ ደመወዙ ይዘገያል። የመደበኛ ወጪ መስመርን ስንመለከት ደመወዙን ከሥራ ማስኬጃው ነጥለን ማየት ያለብን ለዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ መለኪያዬ አንድ ነው፤ ወጪው ዋጋ ሲጨምር አብሮ ይጨምራል ወይስ ይቀልጣል? በዚህ መለኪያ በዓይነት የሚሰጥ ነገር ከሁሉ ይቀድማል። የአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ ያበላሉ። ልጅዎ እዚያ የሚማር ከሆነ የሁለቱ ምግብ ዋጋ በቀን በትንሹ 40 ብር ነው ብለን በ22 የትምህርት ቀን ስናባዛ 880 ብር ይመጣል። ይህንኑ 880 ብር በደመወዝ ጭማሪ በእጅዎ ለማግኘት፣ ከ4,000 በላይ ባለው ላይ 20 በመቶ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ስለሚቆረጥ፣ አሠሪዎ 1,205 ብር ሊጨምርልዎት ይገባል። የእሱ 11 በመቶ ሲታከል ደግሞ 1,338 ብር ያወጣል። የሽሮና የዘይት ዋጋ በሚቀጥለው ዓመት ቢጨምር ደመወዙ ይሟሟል፣ ሳህኑ ግን ያው ሳህን ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ምገባን ከአዲስ አበባ አልፎ በየክልሉ ከተማ፣ ከዚያም በገጠር ማስፋት ከማንኛውም የደመወዝ ወጪ ይልቅ በአንድ ብር ብዙ ድህነት ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

ትራንስፖርትም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛው በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶብስ በነፃ ይመላለሳል። መታወቂያው የፋብሪካ የሆነ ሰው ግን አይሳፈርም። ጠዋት 15፣ ማታ 15 ብር ቢከፍሉ በ26 የሥራ ቀን 780 ብር ነው፤ ከተጣራ ገቢዎ ከአምስት እጅ አንዱን አልፏል። ፋብሪካዎች በብዛት ባሉባቸው መስመሮች ላይ ይህ አገልግሎት ለግል ሠራተኛም ቢከፈት አውቶብሱ ያው ነው፣ ነዳጁም ያው ነው።

ሴፍቲኔት ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የገጠሩ ልማታዊ ሴፍቲኔት ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ የሚያህል ይሰጣል ተብሎ የታቀደ ነው። መሥራት የሚችሉት ለስድስት ወር በአንድ ሰው በወር 5 ቀን በማኅበረሰብ ሥራ፣ አቅመ ደካሞች ደግሞ ያለ ሥራ ዓመቱን ሙሉ። ዕቅዱ በኪሎ ነው፤ ክፍያው ግን በብር ሲሆን የቀኑ መጠን ዓመቱ ሲጀምር ይቆረጣል። ክረምት ሲቃረብ፣ የገበሬው ጎተራ ባዶ በሆነበትና እህል በሚወደድበት ወቅት፣ ያ ብር 15 ኪሎ አይገዛም። ክፍያው ሁለት ወር ከዘገየ ደግሞ ሰውየው በብድር ይበላና ክፍያው ሲመጣ ለአበዳሪ ይሄዳል። የከተማውም ፕሮግራም በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር የቀን ክፍያው 60 ብር ነበር፤ ከአንድ ቤት እስከ 4 ሰው፣ በመጀመሪያው ዓመት 60 ቀን፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 20። ከክፍያው 20 በመቶ በቁጠባ ይያዛል፣ መጨረሻ ላይ ለሥራ መነሻ የሚሆን ገንዘብ ይታከልበታል። አራት ሰው ያለው ቤት በመጀመሪያው ዓመት 14,400 ብር ያገኝ ነበር፣ 2,880ው ተቆጥቦ። አደረጃጀቱ ጥሩ ነበር፤ የጎደለው የቀን ክፍያውን በየሩብ ዓመቱ ከእህል ዋጋ ጋር የሚያስተካክል አንድ አንቀጽ ነው። የስታትስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ዝርዝር በየወሩ ይወጣል፣ ስሌቱ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ለዚህ ሁሉ ሲባል የማዘገየው ወጪ ምንድን ነው ቢሉኝ፣ የቢሮ ሕንፃ፣ ተሽከርካሪና የከተማ ማስዋብ እላለሁ። መንገድ መስፋቱ ይጠቅማል። ግን ቤት ሲፈርስ ካሳና ምትክ የሚታሰበው ለባለይዞታውና ለቀበሌ ቤት ተከራዩ ነው፤ ከግለሰብ ላይ አንድ ክፍል የተከራየው በሒሳቡ የለም። ወደ ዳር ይገፋል፣ የታክሲው ወጪ ይጨምራል፣ ኪራዩም እዚያ ቶሎ ይወደዳል። ያ ወጪ በማንኛውም በጀት ላይ አልተጻፈም፣ እንደ እርስዎ ካለው ሰው ኪስ ግን ይከፈላል።

አሁን በእጅዎ ስላለው

ኪራዩን በተመለከተ የሚያግዝዎት ሕግ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባስታወቀው መቶኛ ብቻ ነው። ውልዎ በቃል ከሆነ በጽሑፍ አድርገው ወረዳ ያስመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ ውል ክርክር ላይ ያዳክምዎታል። ልብ ይበሉ፣ ለአከራይ የየዓመቱን ማስተካከያ የሚያስቀምጥ ሕግ ወጥቷል። ለደመወዝ የሚያስቀምጥ አልወጣም።

ደመወዙን በተመለከተ የአቴንዳንሱ 500 ብር ወደ መነሻ እንዲገባ ጠይቁ። ጡረታዎ ከ245 ወደ 280 ከፍ ስለሚል በእጅዎ የሚገባው በ35 ብር ይቀንሳል። ትርፍ ሰዓቱ ግን ያድጋል። ብዙ ቦታ የሰዓት ደመወዝ የሚወጣው የወሩን መነሻ ለ208 በማካፈል ነው፤ በ3,500 16.83፣ በ4,000 19.23 ብር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል በ2.5 ይባዛል። በሕጉ ጣሪያ፣ በሳምንት 12 ሰዓት፣ ወር ሙሉ በቀን ክፍል ከሠሩ ለ48 ሰዓቱ በ3,500 መነሻ 1,212 ብር፣ በ4,000 1,385 ብር ነው። ልዩነቱ 173 ብር ነው፣ ግብሩ ወጥቶለትም 138። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጅዎ ታሞ አንድ ቀን ቢቀሩ 500ው አይወሰድብዎትም።

ይህን ብቻዎን አይጠይቁ። 10 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለበት ድርጅት መሠረታዊ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ማኅበር ካለና ኅብረት ስምምነቱ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም ተብሎ በሩ ከተዘጋባችሁ፣ ከፍተኛ የኢኮኖሚ ለውጥ ሲያጋጥም ከጊዜው በፊትም ለውጥ መጠየቅ እንደሚቻል አዋጁ ይፈቅዳል። የ2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ከዚህ በላይ ምን ሊባል ነው? አሠሪው እምቢ ካለ አስማሚ እንዲመደብ ለሥራና ክህሎት ቢሮ ይቀርባል። ድርድሩ ላይ አንድ ጊዜ ስለሚጨመረው ብር ብቻ አትከራከሩ፤ የሚከተለውን የሚመስል አንቀጽ ይግባ፦ «የእያንዳንዱ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በየዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን፣ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት በሚያወጣው የሰኔ ወር የምግብ ዋጋ መለኪያ ከአምናው ሰኔ ጋር ተነጻጽሮ በተገኘው መቶኛ ልክ ይስተካከላል። አሠሪው ሙሉውን መቶኛ መክፈል እንደማይችል በሒሳብ ሰነድ ካሳየ ከግማሽ የማያንሰውን ይከፍላል፤ ቀሪው ለቀጣዩ ዓመት ይሸጋገራል።» የምግቡ መለኪያ የተመረጠው ከእርስዎ ወጪ ግማሹን የሚወስደው ምግብ ስለሆነ ነው። አሠሪው ጠቅላላው መለኪያ ይሁን ቢል ተስማሙ፤ ሐምሌ 1 የምትለዋን ቀን ግን አትልቀቁ።